ከፋሲካ በኋላ እጀምራለሁ

ለመሆኑ ሰው አንድን ሥራ አጥብቆ እየፈለገ ስለምን ሳይሠራው ይቀራል? ስንፍና ነው እንዳይባል፣ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚሠራ ሰው አለ። አልፈለገውም እንዳይባል፣ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚያባንነው ይኸው ያልሠራው ሥራ ነው። አይችልም እንዳይባል ደግሞ ትናንት ሲሠራው ታይቷል። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የአንድ የቀድሞ ጋዜጠኛ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥቂት ፍንጭ ሳይሰጥ አይቀርም።

ሰውዬው አሁን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወዳጆቹ ጋር ቡና ወደሚጠጣበት ምግብ ቤት ሲገባ፣ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ አንድ ጥያቄ ይቀድመው ነበር።

«መጽሐፉስ የት ደረሰ?»

«እየመጣ ነው።»

«መቼ ነው የምናየው ታዲያ?»

«ከፋሲካ በኋላ እገባበታለሁ።»

የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ፋሲካው አልፎ የልጆቹ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲመለሱ እንቁጣጣሽ ይደርሳል፤ አዲስ ዓመት ደግሞ ለማቀድ እንጂ ለመሥራት አይመችም። ከዚያ በረዶው ይወድቃል፣ ጾሙ ይገባል፣ ጾሙ ሲፈታ ፋሲካ ነው። እንዲህ እየተባለ አሥራ ሁለት ፋሲካ አለፈ።

መጽሐፉ የሚባለው ነገር ልብ ወለድ አይደለም። ሰውዬው በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ በሪፖርተርነት ይሠራ ነበር። የቅድመ ምርመራ ሳንሱርን ያስቀረው የፕሬስ አዋጅ በጥቅምት 1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ እንደ አሸን ከፈሉት፣ ከእነዚያም ውስጥ ጥቂት ዓመታት ከቆዩት አንዱ ነው። ምርጫ 97ን ተከትሎ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. አዘጋጆች ሲታሰሩና ጋዜጦች ሲዘጉ፣ ይኸኛውም አብሮ ተዘጋ። ሰውዬው በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገባ፤ ሦስት ዓመት ያህል እዚያ ተጉላልቶ አሜሪካ ደረሰ። የሥራ ጓደኞቹ የተበተኑበት አገር ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይበቃም።

የዚያን ጋዜጣ ታሪክ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ሰው ግን አዘጋጁ ሳይሆን አራሚው ነበር። በወጣትነቱ በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ለቃሚ የነበረ፣ በኋላም ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የሁሉንም ጽሑፍ ሲያርም የኖረ፣ ማን ምን ጽፎ ምን እንደተቆረጠበት የሚያስታውስ ሰው ነው። ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል። የመጨረሻውና ለገበያ ሳይወጣ የቀረው ዕትም ሲዘጋጅ፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲሸሹ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ቆይቶ የፊት ገጹን ያረመው እርሱ ብቻ ነበር።

ጋሼ በልጁ አማካይነት በ2004 ዓ.ም. አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መጣና ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ሰውዬው ከደስታው ብዛት ያኔውኑ ቃል ገባ።

«ጋሼ፣ ተቀምጠን እንጽፈዋለን። እርስዎ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«እኔ ምን ሥራ አለኝ ልጄ? አንተ ብቻ ና።»

በዓመቱ የድምፅ መቅጃ ገዛ። መቅጃው ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ላፕቶፕ ያስፈልጋል ተባለ፤ ተገዛ። የአማርኛ ፊደል ተጫነበት። ቀጥሎ ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ ጸጥ ያለ ክፍል። መሣሪያው በተሟላ ቁጥር ሥራው እየራቀ ሄደ። ሲጠየቅ ደግሞ ተረት አያጣም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል፣ ወይም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ግን ዶሮዋ ከታቀፈችው ነው። ካልታቀፈችው ቀስ በቀስ የሚሆነው ሌላ ነው።

ጊዜ አጣሁ ይላል። እውነት ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ አገር ቤት የሚረዳቸው እናት አሉት። ዳሩ ግን የሚሠራው በመሐል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ፈረቃ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት አንድም መኪና ላይገባ ይችላል። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሰውዬው በስልኩ የአገር ቤት ፖለቲካ ያዳምጣል፤ አንዱን ክርክር ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። በዚህ ዓይነት ጊዜ ማጣት ዓመታት አለፉ።

የሚገርመው ነገር ይህ ነው። ሰውዬው በእነዚያ ዓመታት መጻፍ አላቆመም ነበር። የዕድሩን ደብዳቤ የሚጽፈው እርሱ ነው። የሠርግ ንግግር የሚያዘጋጀው፣ ለስደት ጉዳይ የሚቀርበውን የሰዎች ቃል በአማርኛ አስተካክሎ የሚያሰፍረው እርሱ ነው። ከሁሉም በላይ ሰው ሲሞት በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው እርሱ ነው። ማታ ይደወልለታል፣ ጠዋት ጽሑፉ ይደርሳል። የትውልድ ቦታ፣ የትምህርት ዘመን፣ የሥራ ቦታ፣ የልጆች ስም፣ አንዲት ቀን ሳትዛነፍ። ቤተሰቡ ያለቅሳል፣ ሕዝቡም «እንዴት ያለ እጅ ነው!» ይላል።

በ2015 ዓ.ም. ገና ሰሞን እንደዚህ ያለ አንድ ቀብር ላይ ጋሼም ነበር። ከቀብር መልስ በድንኳኑ ፈንታ በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ንፍሮ ሲቆረጥሙ፣ ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው።

«ይኼን መቼ ጻፍከው?»

«ትናንት ማታ ነው፣ ጋሼ።»

«በአንድ ሌሊት?»

«አዎ።»

ጋሼ ትንሽ ዝም አለና፣ «እንግዲያው የእኔን የምትጽፈው ለቀብሬ ነዋ!» አለ። ቀልድ ነበር፤ ራሱም ሳቀ። ሰውዬው ግን ንፍሮው ጉሮሮው ላይ ቀረ።

ከዚያ ቀን በኋላ መጽሐፉን ጀመረ ቢባል ደስ ባለ፤ አልጀመረም። ያደረገው ነገር ቢኖር የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ፣ ሰዎች ሥራቸውን ለምን ዛሬ ነገ እንደሚሉ ማንበብ ነው። ስለ ዛሬ ነገ ማለት ማንበብም ራሱን የቻለ ዛሬ ነገ ማለት መሆኑን ያወቀው ቆይቶ ነው። ሆኖም ያነበበው ከንቱ አልቀረም።

አንደኛው ያገኘው ቁም ነገር፣ ነገሩ የስንፍና ወይም የሰዓት አጠቃቀም ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ሰው ሥራውን የሚሸሸው ሥራው የሚቀሰቅስበትን ስሜት ለመሸሽ ነው። ፍርሃት፣ መሰልቸት፣ «አልችለው ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ይመጣበታል። ሥራውን ወደ ጎን ሲያደርግ ያ ስሜት ወዲያው ቀለል ይለዋል። ዕረፍቷ አጭር ናት፤ ነገር ግን ጣፋጭ ስለሆነች ሰውየው ነገም ይደግማታል። ዕዳውን የሚከፍለው የነገው እርሱ እንጂ የዛሬው አይደለምና።

ሰውዬው ይህን ካነበበ በኋላ የፈራው ምን እንደሆነ ራሱን ጠየቀ። መልሱ አንድ አልነበረም። አንደኛ፣ ገና ወረቀቱ ነጭ ሳለ ጽሑፉን ከሐዲስ ዓለማየሁ ጋር ያወዳድረው ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ደራሲው በአምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩ፣ በጣሊያን ምርኮኝነትና በረጅም የመንግሥት ሥራ ያለፉ ሰው መሆናቸውን እያሰበ፣ «እኔም ገና ነኝ» ብሎ ይጽናና ነበር። ልዩነቱ እርሳቸው ብዕር አንሥተው መጻፋቸው ነው።

ሁለተኛውና ጠለቅ ያለው ፍርሃት ግን ሌላ ነው። የእርሱ ትውልድ ጋዜጠኛ የበዓሉ ግርማን ነገር ሲሰማ ያደገ ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ታገደ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሰውዬው ራሱ ደግሞ ከአንድ አንቀጽ የተነሣ የሚታሰር አዘጋጅ በዓይኑ አይቷል። አሜሪካ ሲገባ ፍርሃቱ ናይሮቢ የቀረ መስሎት ነበር። ለካስ አብሮት አውሮፕላን ተሳፍሯል። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሲያስብ «አገር ቤት ያለው እገሌ ይጎዳ ይሆን?»፣ ሌላውን ሲያስብ «እዚህ ያለው ወገን ምን ይለኝ?» እያለ፣ ማንም ሳይመረምረው ራሱ መርማሪ ሆኖ ተቀምጧል። ይህ የስደተኛ ጸሐፊ ሁሉ ሕመም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ ውስጥ ግማሹ በእርግጥ ጥንቃቄ ነው፤ የሰው ስም መቀየር፣ አንዳንዱን ማቆየት ይገባል። ይሁን እንጂ ምን እንደሚቆረጥ የሚታወቀው መጀመሪያ ሲጻፍ ነው። ያልተጻፈ ነገር አይታረምም፤ ይህን ደግሞ ጋሼ ከድሮም ይለው ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ቀላል ነው። አዲስ አበባ ሳለ ጋዜጣው ማተሚያ ቤት የሚገባበት ሰዓት የታወቀ ነበር። ያቺ ሰዓት ስትደርስ ተዘጋጀም አልተዘጋጀም ጽሑፉ ይወጣል፤ አዘጋጁ በር ላይ ቆሟል፣ አራሚው እጁን ዘርግቷል። ለቀብር የሚጻፈውም እንዲሁ ነው፤ ቀብር አይዘገይም። መጽሐፉን ግን የሚጠብቅ ሰው የለም። «የት ደረሰ?» የሚሉት የቡና ወዳጆቹ መልሱን ሰምተው ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳሉ። እንዲያውም ስለ መጽሐፉ ባወራ ቁጥር የጻፈ ያህል ልቡ ይሞላል።

መድኃኒቱንስ በተመለከተ ምን አገኘ? ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው ጥናት አለ። ተማሪዎች የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። መቼና የት ቁጭ ብለው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ከተደረጉት መካከል ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ላኩ፤ እንዲህ ካልወሰኑት ግን ከሦስቱ አንዱ ያህል ብቻ። «እጽፋለሁ» ማለትና «ማክሰኞ ከእራት በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እጽፋለሁ» ማለት ሰማይና ምድር ናቸው ማለት ነው።

ሮበርት ቦይስ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ደግሞ በዩኒቨርሲቲ መምህራን ላይ ባደረገው ክትትል፣ ሰፊ ጊዜ እስኪያገኙ ከሚጠብቁት ይልቅ በየቀኑ ለአጭር ጊዜ የሚጽፉት ብዙ እንደሚያመርቱ አሳይቷል። ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ደራስያንም አሉ። የእንግሊዙ አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት እየጻፈ 47 ልብ ወለዶች አበርክቷል። ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣውን የመጀመሪያ መጽሐፏን ስትጽፍ በአሳታሚ ድርጅት እየሠራች ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻዋን ታሳድግ ነበር። ይህን ያነበበ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ምን ሰበብ ይቀረዋል?

ከሁሉ ያስደነቀው ግን በካናዳ ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ነው። ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናቱን ሲያዘገዩ ኖረው በኋላ ለራሳቸው ይቅርታ ያደረጉት፣ ለሁለተኛው ፈተና ማዘግየታቸው ቀንሶ ተገኘ። ሰውዬው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሱን ሲሰድብ የኖረው ስድቡ የሚያነሣሣው እየመሰለው ነበር። ስድቡ ግን ሥራውን ይበልጥ የሚያስፈራ ከማድረግ በቀር የፈየደው ነገር የለም።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የጋሼ ልጅ ደወለች። አባቷ ሁለት ጊዜ መንገድ ጠፍቶበት ጎረቤት ይዞት መጥቷል። ሐኪሙም የመርሳት በሽታ መሆኑን ነግሯታል። «ጋዜጠኛው ልጅ ለምን አይመጣም? ይለኛል፤ ስምህን ግን አንዳንዴ ይረሳዋል» አለችው።

የዚያን ዕለት ሌሊት ሰውዬው ስልኩን መኪናው ውስጥ ቆልፎ ወደ ፈረቃው ገባ። ላፕቶፑን አላመጣም፤ የልጁን የትምህርት ቤት ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይዟል። ከስምንት ሰዓቱ ዙር በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ገጽ ብቻ። መጽሐፍ እጽፋለሁ አላለም። ለጋሼ ቅዳሜ የማነብለትን አንድ ገጽ እጽፋለሁ አለ። የመጀመሪያዋ ገጽ ስለ ጋዜጣው ቢሮ ደረጃ ነበረች፤ ሦስተኛው እርከን ላይ ስለነበረው ስንጥቅና ሁሉም ስለሚደናቀፍበት። ጽሑፉ አላማረም፤ ግን ተጻፈ።

ሁሉም ሳምንት እንዲህ ሄደ ማለት አይደለም። የታመመበት፣ ትርፍ ሰዓት የሠራበት፣ እንዲሁም ያለምንም ምክንያት ያልጻፈበት ሳምንት አለ። በፊት ቢሆን አንድ ቀን ሲያመልጠው «ተበላሸ፣ ከፋሲካ በኋላ» ይል ነበር። አሁን ያመለጠውን ትቶ የሚቀጥለውን ሌሊት ይይዛል። ቅዳሜ ግን አይቀርም፤ ባዶ እጁን ሆኖ የሽማግሌው ፊት መቀመጥ ከመጻፉ ይከብዳልና።

የዘገየበት ዋጋ ግን አልቀረለትም። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ነቃ ብሎ አግኝቶት፣ ለዓመታት ሊጠይቀው ሲያስብ የኖረውን ጠየቀው። በዚያች በመጨረሻዋ ሌሊት ጋሼ ያረመው፣ ለሕዝብ ሳይደርስ የቀረው የፊት ገጽ ርዕስ ምን ይል ነበር? ቀድሞ ሲጠየቅ «ስንቀመጥ እነግርሃለሁ» ይል የነበረው ሰው፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲመለከት ቆየና «የቱ ጋዜጣ?» አለ። ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም። በረቂቁ ውስጥ አንድ ስፍራ ባዶ ሆኖ፣ «እዚህ ላይ የፊት ገጹ ርዕስ ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ረስቶታል» የሚል መሥመር ተጽፎበታል። ሰውዬው ያቺን ቦታ በፈጠራ አልሞላትም። ለአሥራ ሁለቱ ፋሲካ የከፈለው እርሷን ነው።

ዛሬ ደብተሩ አራት ሆኗል፤ ወደ ሁለት መቶ ገጽ ገደማ ይሆናል። መጽሐፍ ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም። የቡና ወዳጆቹም መጠየቅ ትተዋል፤ እርሱም ስለ መጽሐፉ ማውራት ትቷል።

ባለፈው ጾም ወቅት በአንዲት ቅዳሜ፣ ጋሼ ማን እንደመጣ ሳይለይ ሰላምታውን በፈገግታ ተቀበለ። ሰውዬው እንደ ልማዱ ገጹን አነበበለት፤ ሽማግሌው የሰማ አይመስልም። አንብቦ ጨርሶ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ልጅቱ ያቀረበችውን ሻይ ሊቀበል ዞር አለ። ሲመለስ ጋሼ መነጽሩን አድርጎ ደብተሩ ላይ አጎንብሷል። የልጅ ልጁ የትቶት የሄደውን ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ ከአንዲት ቃል ላይ ከበበ። ሰውዬው በችኮላ «ስራ» ብሎ የጻፋት ናት። ሽማግሌው በተንቀጠቀጠ እጅ በላይዋ ላይ «ሥ» ጻፈባት።

«ይኼ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው» አለ፤ «ስንቴ ልንገርህ?»

ይህን የነገረው ከሃያ ዓመት በፊት፣ አዲስ አበባ፣ ያ ስንጥቅ ደረጃ ያለበት ቢሮ ውስጥ ነበር።

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«የቀረውስ?» አለ ሽማግሌው ቀጣዩን ባዶ ገጽ እየገለጠ። «መቼ ነው የምታመጣው?»

«ለቅዳሜ አደርሳለሁ።»